ግድግዳዎ ስንት ክረምት ቆጥሯል?

ቤትዎ ውስጥ አንድ አሮጌ ጥቁር ጨርቅ አይጠፋም። ያን ጨርቅ ጣትዎ ላይ ይጠቅልሉና ወደ ግቢ ይውጡ። ፀሐይ የሚውልበትን ግድግዳ ይምረጡ፤ ደረቅ መሆኑን ካዩ በኋላ ጫን አድርገው አንድ ስንዝር ያህል ይሹት። አሁን ጨርቁን ይመልከቱ። ንጹሕ ከሆነ ቀለሙ ገና ጉልበት አለው። ነጭ ዱቄት ከያዘ ግን ግድግዳው ሳይላጥና ሳይሰነጠቅ፣ ከሩቅ ሲያዩትም «ምንም አልሆነ» እያስባለ፣ ማርጀት ጀምሯል ማለት ነው።

አብዛኞቻችን የቤታችንን ቀለም የምናስተውለው እንግዳ ሊመጣ ሲል ነው። ሠርግ፣ ምርቃት፣ ክርስትና ወይም ዓመት በዓል ሲቃረብ ቀና ብለን እናይና «ይሄ ቤት መቀባት አለበት» እንላለን። ከዚያ ቀለም ቀቢ ይጠራል፣ ዋጋ ይነገራል፣ ቤተሰቡም ይደነግጣል። በዚያ ሁሉ ክርክር መሃል ግን ማንም የማያነሣው አንድ ጥያቄ አለ፤ ቀለሙን ያስረጀው ምንድን ነው? ፀሐይ የበላው ቀለምና ውኃ ከውስጥ የገፋው ቀለም ከሩቅ ሲታዩ ወንድማማች ይመስላሉ። መድኃኒታቸው ግን ለየቅል ነው። ይህን ጽሑፍ የምጽፍልዎ ልዩነቱን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን እንደማያስፈልግ፣ ማወቁም ከገንዘብ አልፎ የልጅ ጤና ጉዳይ እንደሆነ ልነግርዎ ነው።

ፀሐይ ሙጫውን ትበላለች

በሙያዬ የኬሚስትሪ መምህርት ነኝ። ተማሪዎቼ ስለ ቀለም ሲጠይቁኝ የምነግራቸው ስለ ጭቃ ቤት ነው። ጭቃውን አንድ ላይ አቅፎ የያዘው ጭዱ ነው፤ ጭዱ ሲበሰብስ ጭቃው ይረግፋል። የግድግዳ ቀለምም እንዲሁ ነው። ውስጡ ቀለም የሚሰጠው ደቃቅ ዱቄት አለ፤ በነጭና ነጣ ባሉ ቀለሞች ላይ ይህ ዱቄት በአብዛኛው ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ይባላል። መጠን የሚያበዛ፣ እንደ ካልሲየም ካርቦኔት ያለ ርካሽ ዱቄትም ይጨመርበታል። እነዚህን ሁሉ እርስ በርስና ከግድግዳው ጋር የሚያያይዘው ደግሞ ሙጫው ነው። በፕላስቲክ ቀለም ውስጥ ያለው ውኃ ሲተን ሙጫው ሽፋን ሆኖ ይቀራል።

የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር የዚያን ሙጫ ረጃጅም ሰንሰለቶች ቀስ በቀስ ይቆራርጣቸዋል። የሚገርመው፣ ታይታኒየም ዳይኦክሳይዱ ራሱ ብርሃንና እርጥበት ሲያገኝ ሥራውን ያግዛል፤ አጠገቡ ያለውን ሙጫ ያፈርሳል። ጥሩ አምራቾች የዱቄቱን ቅንጣት በሌላ ማዕድን የሚሸፍኑት ይህን ለማዘግየት ነው። ሙጫው ሲያልቅ ዱቄቱ ያለ ያዥ ይቀራል። በጨርቅዎ ላይ ያዩት ነጭ ነገር እሱ ነው። ለውስጥ ግድግዳ የተሠራ ርካሽ ቀለም ውጭ ሲቀባ ቶሎ እጅ የሚነካውም ከመነሻው ማብዣው በዝቶ ሙጫው ስላነሰ ነው።

አያቶቻችን ይህን በሌላ መንገድ ያውቁት ነበር። ኖራ የሚቀባ ሰው ኖራው እንደሚለቅ፣ እንደገናም እንደሚቀባ አስቀድሞ ያውቃል። ገጠር ያሉ እናቶች ክረምቱ ሲወጣ ግድግዳ ይመርጋሉ፤ በሐረር ጀጎልም ግድግዳን በኖራና በቀለም ማደስ የኖረ ልማድ ነው። ማደስ የዓመቱ ሥራ አካል ነበር። የፋብሪካ ቀለም ዓመታት ስለሚቆይልን እኛ ግድግዳውን ማየት ተውን።

አንድ ዓይነት ቀለም፣ ሁለት ከተማ

የምንኖረው ደብረ ዘይት ነው። የከተማዋ ስም ቢሾፍቱ ቢሆንም በቤተሰባችን አፍ ደብረ ዘይት እንደሆነች ቀርታለች። ታናሽ እህቴ ደግሞ ኑሮዋ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ፣ አሶሳ ከተማ ነው። ከአራት ዓመት በፊት ሁለታችንም ቤታችንን ልናድስ ስንል ከአንድ ሱቅ፣ አንድ ዓይነት ክሬም የውጭ ቀለም ገዛሁና የእሷን ድርሻ በጭነት መኪና ላክሁላት። ሁለታችንም ሁለት እጅ አስቀባን።

ባለፈው ዓመት መስከረም ላይ ስልክ ደወለች።

«እታለም፣ ያ ቀለም ጉድ አደረገን። ግድግዳዬ ጠቆረ።»

«የእኔ ደግሞ ነጣ» አልኳት።

ሁለታችንም ሳቅን፤ ነገሩ ግን ከሳቅ በላይ ነበር። ቀለሙ አንድ፣ ዕድሜው አንድ፣ ያስረጀው ነገር ግን የተለያየ ሆነ።

ከእኛ ልጀምር። የአሥር ዓመት ልጄ አራት ቁራጭ ጥቁር ጨርቅ አዘጋጅታ በአራቱም አቅጣጫ ያለውን ግድግዳ አሸችና ጨርቆቹን ገበታ ላይ ደረደረቻቸው። ደቡቡን ያሸው በጣም የነጣ ነበር፤ ምዕራቡ ተከተለ፤ ምሥራቁ ትንሽ፤ ሰሜኑ እምብዛም አልያዘም። ባለቤቴ «ዝናቡ ነው የበላው» ሲል ነበር የከረመው። ልጃችን ጨርቆቹን ስታሳየው «ታዲያ ዝናቡ ለምን ደቡቡን ብቻ መረጠ?» አለች። ጥያቄዋ ትክክለኛ ነው፤ መልሱም ሰማይ ላይ ነው።

በደብረ ዘይት ኬክሮስ የእኩለ ቀን ፀሐይ ከአናታችን ወደ ሰሜን የምታዘነብለው ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማብቂያ ግድም ብቻ ነው። የቀረውን ሰባት ወር ተኩል ገደማ የምትውለው በደቡብ በኩል ነው። ያ ጊዜ ደግሞ በጋውን ይዟል፤ ደመናው ተገፍፎ ፀሐዩ የሚበረታበትን። በታኅሣሥ እኩለ ቀን ፀሐይዋ በደቡብ በኩል ዝቅ ስለምትል ግድግዳውን ፊት ለፊት ታገኘዋለች። ወደ ሰሜን በምትዞርበት በክረምቱ ወራት ግን ሰማዩ በደመና ይሸፈናል፣ ፀሐይዋም ከፍ ስለምትል ግድግዳውን ገረፍ አድርጋው ታልፋለች። የሰሜኑ ግድግዳ ከፀሐይ ይተርፋል፤ በእርጥበት ግን ይከርማል።

ከፍታውም የራሱ ድርሻ አለው። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ አልትራቫዮሌት ጨረር በ10 ከመቶ አካባቢ ይጨምራል። ደብረ ዘይት ወደ 1,900 ሜትር ግድም ላይ ስላለች በባሕር ጠረፍ ካለች ከተማ ይልቅ አንድ አምስተኛ ያህል የበረታ ጨረር ታገኛለች ማለት ነው። አዲስ አበባ ከዚያም ከፍ ትላለች። በባሕር ጠረፍ ተፈትኖ «ይህን ያህል ዓመት ይቆያል» የተባለለት ቀለም እኛ ዘንድ ያንኑ ዕድሜ ባይቆይ ሁልጊዜ የሻጩ ጥፋት አይደለም።

አሶሳ ወደ 1,570 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ በከፍታው ልዩነታችን ጥቂት ነው። ልዩነቱን ያመጣው ዝናቡ ነው። አሶሳ ላይ ዝናቡ ግንቦት አካባቢ ይገባና እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። የእህቴ ቤት ደግሞ በማንጎ ዛፍ ጥላ ሥር ነው። በቪዲዮ ስልክ ግድግዳውን እያሳየችኝ ሳለ በጥቁር ጨርቅ እንድታሸው ነገርኳት፤ ጨርቁ ዱቄት አልያዘም። ጥቁረቱ ሻጋታ ነበር። ከታች እስከ ጉልበት ድረስ ያለው ቅላት ደግሞ ጣሪያው የጣለው ውኃ ከቀዩ አፈር ላይ ያፈናጠረው ነው። ቀለሟ አልሞተም፤ ቆሽሿል እንጂ። ቀለም ቀቢ ሳይሆን አሸንዳና እጥበት ነበር የሚያስፈልጋት።

እህቴ ግድግዳውን በውኃ በቀጠነ በረኪና አሸት አድርጋ አጠበችው፤ ጓንት አድርጋ፣ በረኪናውን ከሌላ ማጽጃ ጋር ሳትቀላቅል። በረኪናን ከአሲድነት ወይም ከአሞኒያ ካለው ማጽጃ ጋር መቀላቀል መርዛማ ጋዝ ስለሚፈጥር ይህችን ነገር እርስዎም አይርሷት። ለጣሪያው አሸንዳ አስገጠመች፣ የማንጎውን ዝቅ ያሉ ቅርንጫፎች አስከረከመች። ክሬሙ ቀለም ከሥር ብቅ አለ።

ባለሙያዎች እንዴት ይለኩታል?

የቀለም ዕድሜን መለካት በዓለም ላይ ትልቅ ሙያ ነው። አምራቾች የተቀቡ ሳህኖችን በአሜሪካ ፍሎሪዳ ፀሐይና ወበቅ ላይ፣ በአሪዞና በረሃ ሐሩር ላይ ያሰጣሉ። ሳህኖቹ ብዙ ጊዜ ወደ ደቡብ ዞረው፣ ዘንበል ብለው በመደርደሪያ ላይ ለዓመታት ይቆያሉ። እያንዳንዱ ሳህን ጨለማ ውስጥ የሚቀመጥ መንትያ አለው። ፀሐይ የወጣው ምን ያህል እንደተለወጠ የሚታወቀው ከመንትያው ጋር ሲተያይ ነው።

ዓመታት መጠበቅ የማይችል ደግሞ ሳህኑን ማሽን ውስጥ ያስገባዋል። በአንዱ የታወቀ አሠራር ሳህኑ ለ8 ሰዓት በ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የአልትራቫዮሌት መብራት ይመታዋል፤ ከዚያ ለ4 ሰዓት በ50 ዲግሪ ጤዛ ይወርድበታል፤ ይህ ቀንና ሌሊት ይደጋገማል። ነገር ግን የማሽን 1,000 ሰዓት ይህን ያህል ዓመት ነው ብሎ መመንዘር አይቻልም። ማሽኑ የትኛው ቀለም ከየትኛው እንደሚሻል ያነጻጽራል እንጂ የደብረ ዘይትን ታኅሣሥና የአሶሳን ሐምሌ አያውቅም።

ውጤቱ የሚጻፈው በቁጥር ነው። አይ.ኤስ.ኦ 4628 የሚባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ የቀለምን ጉዳት ከ0 እስከ 5 ይሰጠዋል፤ 0 ምንም የለም፣ 5 ክፉኛ ተጎድቷል። ማበጥ፣ ዝገት፣ መሰንጠቅ፣ መላጥና ዱቄት መተው እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ደረጃ አላቸው። ከሁሉ ያስገረመኝ የመላጥ ደረጃ ነው፤ ከገጹ 15 ከመቶው የተላጠ ቀለም የመጨረሻው ቁጥር 5 ላይ ይደርሳል። እኛ «ገና ነው፣ ትንሽ ነው የተላጠው» የምንለው ግድግዳ በባለሙያ ዓይን ካበቃለት ቆይቷል።

በቤትዎ የሚሠሯቸው አምስት ልኬቶች

አንደኛው ጥቁሩ ጨርቅ ነው። ለደማቅና ለጠቆረ ቀለም ነጭ ጨርቅ ይጠቀሙ። ሁልጊዜ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ዓይነት ጉልበት፣ ያንኑ አንድ ስንዝር ይሹ። ጨርቁ ላይ ቀኑን ጽፈው በላስቲክ ውስጥ ያስቀምጡት፤ የሚቀጥለው ዓመት ጨርቅ የሚነጻጸረው ከእሱ ጋር ነው።

ሁለተኛው የቀለሙ መንትያ ነው። ቤትዎን ሲያስቀቡ ከዚያው ባልዲ አንድ ቁራጭ ጣውላ ወይም ቆርቆሮ ያስቀቡና መሳቢያ ውስጥ ይክተቱት። ይህን ያላዘጋጀ ሰው ከግድግዳ መብራት ወይም ከቤት ቁጥር ሰሌዳ ጀርባ ያለውን፣ ፀሐይ ያላየውን ቦታ ያስተያይ። ፎቶ የሚያነሡ ከሆነ አጠገቡ ነጭ ወረቀት ያስጠጉ፣ በቀኑ ተመሳሳይ ሰዓትም ያንሡ፤ ያለዚያ ስልክዎ የጠዋትና የማታ ብርሃንን የቀለም ለውጥ አድርጎ ያሳይዎታል።

ሦስተኛው ውኃ ነው። ደረቁ ግድግዳ ላይ ጥቂት ጠብታ ያድርጉ። ጠብታው ተንከባልሎ ከወረደ ሽፋኑ አለ። ግድግዳው ወዲያው ጠጥቶት ከጠቆረ ሙጫው ሳስቷል፤ ክረምቱም በዚያው በር ይገባል።

አራተኛው ካርቶን ነው። ካርቶን ላይ ወርዱም ቁመቱም 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ መስኮት ይቁረጡና በክር በየ1 ሴንቲ ሜትሩ ይከፋፍሉት። 100 ትናንሽ ቤቶች ይወጡታል። ግድግዳው ላይ ያስደግፉትና የተላጠ፣ ያበጠ ወይም የተሰነጠቀ ነገር ያለባቸውን ቤቶች ይቁጠሩ። 100 ቤት ስላለው ቁጥሩ በቀጥታ ከመቶ ስንት እጅ እንደሆነ ይነግርዎታል። ይህን ሥራ ለልጆች ይስጧቸው፤ ሒሳብ የማይወደውም ልጅ ግድግዳ መቁጠር ይወዳል።

አምስተኛው ፕላስተር ነው። ቀለሙ ግድግዳውን ምን ያህል እንደያዘ ለማወቅ ባለሙያዎች በምላጭ ስድስት መስመር በቁም፣ ስድስት በአግድም ሰንጥቀው 25 ትናንሽ ካሬዎች ያወጣሉ፤ ስንቱ እንደተነሣም ይቆጥራሉ። እርስዎ በማይታይ ጥግ የመስቀል ምልክት ሰንጥቀው ግልጹን ፕላስተር ይለጥፉና ፈጠን ብለው ይሳቡት። ከፕላስተሩ ጋር ቀለም ገሽልጦ ከመጣ ሥሩ ለቋል፤ ከላይ የሚቀቡት አዲስ ቀለም ከአሮጌው ጋር አብሮ ይወድቃል። ይህን አምስተኛውን ግን በአሮጌ የዘይት ቀለም በሮችና መስኮቶች ላይ አይሞክሩት። ምክንያቱን ከታች እነግርዎታለሁ።

የሚለኩበት ጊዜም ወሳኝ ነው። ዝናብ ዱቄቱን ስለሚያጥበው የፀሐይን ሥራ የሚያዩት ክረምት ከመግባቱ በፊት ነው፤ ደብረ ዘይትና አዲስ አበባ ላለ ሰው ግንቦት፣ አሶሳ ላለ ሰው መጋቢት ጥሩ ነው። እብጠት፣ ሻጋታና መላጥ ግን ዝናቡ ሲያበቃ ይቆጠራሉ። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ግማሽ ግማሽ ሰዓት ይበቃል።

ልኬቱስ ምን ይነግርዎታል? ዱቄት ብቻ ከሆነ አይፋቅም፤ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ መነሻ ቀለም ተቀብቶ በላዩ ይቀባል። ጥቁረት ብቻ ከሆነ ይታጠባል። ቀለሙ አብጦ ወይም ጨው አውጥቶ ከተላጠ ግን ቀለም መግዛትዎን ያቁሙና ውኃውን ይፈልጉ። የሚያፈስ ቧንቧ፣ የተደፈነ አሸንዳ ወይም ከመሠረት የሚወጣ እርጥበት ይኖራል። እሱ ሳይዘጋ በአገር ውድ የተባለው ቀለም አንድ ክረምት አይሻገርም።

ልጅ የሚዳሰስበት ቤት

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ቤታችን የአማቶቼ ቤት ነበር፤ በ1970ዎቹ የተሠራ። በሮቹና የመስኮት ፍሬሞቹ በዘይት ቀለም ላይ የዘይት ቀለም እየተደረበባቸው የኖሩ ናቸው። ቢጫ አለ፣ ከሥሩ አረንጓዴ አለ፣ ከዚያም ሥር ቡናማ። ባለፈው ዓመት ትንሿ ልጃችን ዓመት ከመንፈቋ ነበር፤ የያዘችውን ሁሉ ወደ አፏ የምትወስድበት ዕድሜ።

ቀለም ቀቢው አካባቢያችን የሚያከብረው፣ ሠላሳ ዓመት በሥራው ላይ የቆየ ሰው ነው። በሮቹን አየና «ቲቸር፣ ይሄ ሁሉ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ እንጨቱ መውጣት አለበት» አለኝ። ለሥራው ጥራት ያሰበ፣ የልምድ ምክር ነበር።

ችግሩ እርሳስ ነው። እርሳስ ስል የልጆች መጻፊያ አይደለም፤ እሱ ውስጡ ግራፋይት ነው። ብረቱን እርሳስ ማለቴ ነው። የእርሳስ ውሁዶች ለደማቅ ቢጫ፣ ብርቱካንማ፣ ቀይና አረንጓዴ ማቅለሚያነት፣ እንዲሁም የዘይት ቀለም ቶሎ እንዲደርቅ ለማድረግ በዓለም ዙሪያ ለረጅም ዘመን አገልግለዋል። ጣዕሙም ሆነ መልኩ አያስታውቅም። የዓለም ጤና ድርጅት ለልጆች ምንም ጉዳት የለውም የሚባል የእርሳስ መጠን እንደሌለ ይናገራል። ሕፃናት ከሚውጡት እርሳስ ውስጥ ወደ ሰውነታቸው የሚገባው ከአዋቂ ከ4 እስከ 5 እጥፍ ሊደርስ ይችላል፤ የሚጎዳውም በማደግ ላይ ያለ አንጎላቸውን ነው።

አገራችንም ይህን አውቃ ሕግ አውጥታለች። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 429 ቀለም ውስጥ ሊኖር የሚችለውን እርሳስ ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ ገድቧል፤ ይህም በአንድ ኪሎ ቀለም 90 ሚሊ ግራም ማለት ነው። ደንቡ ግን ከዛሬ የሚገዛውን ቀለም እንጂ ከዓመታት በፊት በራችን ላይ የተደረበውን አያነሣልንም። ይህ የእኛ ጣጣ ብቻም አይደለም። በየሰባት ዓመቱ ገደማ የሚቀባው የፓሪሱ አይፈል ግንብ አሮጌ ቀለሙ ሲነሣ የእርሳስ አቧራ በመገኘቱ እ.ኤ.አ. በ2021 ሥራው ለጊዜው ቆሞ ነበር።

ያልተላጠ አሮጌ ቀለም በቦታው እስካለ ድረስ አደጋው ትንሽ ነው። አደጋው የሚነሣው ቀለሙ ሲያረጅ ነው፤ ዱቄት ሲተው፣ ሲፈረፈር፣ መስኮት ሲከፈትና ሲዘጋ እርስ በርሱ ሲፋተግ። ከዚህ ሁሉ የባሰው ደግሞ በደረቁ መፋቅ ነው፤ ለዓመታት ተይዞ የኖረውን በአንድ ከሰዓት አቧራ አድርጎ ቤቱ ውስጥ ይበትነዋል። ስለዚህ የቀለም እርጅናን መለካት እዚህ ላይ ከውበት ያልፋል። የቱ በር መነካት እንደሌለበት፣ የቱ መስኮት ደግሞ ማደር እንደሌለበት ይነግርዎታል።

ዓይን እርሳስን ስለማይለይ፣ አሮጌ የዘይት ቀለምን እርሳስ እንዳለበት ቆጥሮ መያዝ ይሻላል። በሮቹን በእርጥብ ጨርቅ አበስኳቸው፤ ዱቄት አልሰጡም፣ የተላጠም አልነበረባቸው። ሁለት የመስኮት ፍሬሞች ግን በካርቶኑ ሲቆጠሩ አንዱ 22፣ ሌላው 31 ቤት ተላጦ ተገኘ። እነሱ የሚገኙት ደግሞ ትንሿ ልጅ ቆማ መንገድ በምታይበት ክፍል ነው።

ቀለም ቀቢውን ቡና ጋብዤ ነገሩን አጫወትኩት። «ጋሼ፣ የእኔ ስጋት ለልጄ ብቻ አይደለም፤ ለእርስዎም ነው» አልኩት። ዝም ብሎ ቆየና «እኔኮ ሠላሳ ዓመት በዚህ እጄ ፍቄ፣ በዚሁ እጄ ምሳ በልቻለሁ» አለኝ። «ማታም ስገባ የልጅ ልጆቼ በዚህ ልብስ ላይ ነው የሚጠመጠሙት።» ከዚያ በኋላ ማሳመን አላስፈለገኝም። ሥራውን እንዴት እንደምንሠራው ያወጣነው አብረን ነው።

ትንሿ ልጅ ለአንድ ሳምንት አክስቷ ዘንድ ሄደች። ደህና የሆኑት በሮች በሳሙናና በውኃ ታጠቡ፣ በውኃ በራሰ ብርጭቆ ወረቀት ገጻቸው ብቻ ለስለስ ተደረገ፣ አዲስ ቀለም ተቀቡና አሮጌውን ከሥራቸው ዘግተው ያዙት። የተላጡት ሁለት ፍሬሞች ሳይፋቁ በእርጥቡ ተነቅለው በላስቲክ ተጠቅልለው ወጡ፤ በአዲስ ተተኩ። ወለሉ ላይ ላስቲክ ተነጥፎ ነበር፤ የወደቀው በመጥረጊያ ሳይሆን በእርጥብ ጨርቅ ተሰበሰበ። የተነቀለው እንጨት ማገዶ እንዳይሆን ተከልክሏል፤ ጭሱም አመዱም እርሳሱን ይዞ ይወጣል። ቀለም ቀቢው የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ አደረገ፤ ምሳ ከመብላቱ በፊት እጁን በሳሙና ታጠበ፤ የሥራ ልብሱን እዚሁ ለውጦ ወደ ቤቱ ሄደ።

ግድግዳዎቹስ? የተቀቡት ደቡቡና ምዕራቡ ብቻ ናቸው። ሰሜኑ ታጠበ፣ ምሥራቁ ምንም አልተነካም። ሙሉ ቤት ለመቀባት ያሰብነው ገንዘብ ግማሽ ያህሉ ተረፈ፤ መስኮቶቹም የተሠሩት በእሱ ነው። አማቴ ሁሉንም ቁጭ ብለው ሲመለከቱ ቆይተው «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» አሉ። ለቀለም የተነገረ ባይመስልም እርጥቡን ጨርቅ ላየ ሰው ከዚህ የተሻለ መመሪያ የለም።

አንድ ደብተር ይበቃል

ዛሬ ቤታችን ውስጥ የግድግዳ ደብተር አለ። በአንድ ገጽ አንድ ግድግዳ፤ ቀኑ፣ የጨርቁ ነጥብ ከ0 እስከ 5፣ የካርቶኑ ቁጥር፣ የውኃው ጠብታ መውረዱ ወይም መጠጣቱ። ቀለሙ የተገዛበት ዓመት፣ የቀለሙ ቁጥርና ስንት እጅ እንደተቀባም ተጽፏል። እህቴም አሶሳ ላይ እንዲሁ ያለ ደብተር ከፍታለች፤ ቁጥሯን በቴሌግራም ትልክልናለች፣ ልጄም ከእኛው ጎን ትጽፈዋለች። እስካሁን በዱቄቱ እኛ እንመራለን፣ በሻጋታው እነሱ።

ቤት ሊገዙ ወይም ሊከራዩ የሚሄዱ ከሆነም ይህችው ልኬት ትጠቅምዎታለች። አዲስ የተቀባ ግድግዳ ያምራል፤ ግን ከቆጣሪው ሳጥን ጎን፣ ከአሸንዳው ሥር፣ ከመታጠቢያ ቤቱ ጀርባ ያለውን ይዩ። አዲስ ቀለም ከሥሩ ያለውን ውኃ ከጥቂት ወራት በላይ አይደብቅም። ሕፃን ካለዎት ደግሞ መጀመሪያ የሚያዩት የመስኮቱን ደፍ ይሁን፤ የልጅ እጅ ከሁሉ ቀድሞ የሚደርሰው እዚያ ነው።

ዘንድሮ ከአንድ ግድግዳ ይጀምሩ፣ ከደቡቡ። ቀኑን ይጻፉ። ለከርሞ ቀለም ቀቢ ሲመጣና «ይሄ ሁሉ ይፋቅ» ሲልዎ የሚያሳዩት ቁጥር በእጅዎ ይኖራል።